ከሆርሞን ሕክምና በፊት የሚደረግ የአእምሮ ጤና ምዘና፦ ድባቴን መናገር ወይስ መደበቅ?

ጥያቄ፦ «27 ዓመቴ ነው። ስወለድ ሴት ተብዬ ብመዘገብም ከልጅነቴ ጀምሮ ራሴን የማውቀው በወንድነት ነው። ቴስቶስትሮን (የወንድ ሆርሞን) ለመጀመር ወደ አንድ ክሊኒክ ስሄድ በቅድሚያ የአእምሮ ጤና ምዘና እንዳደርግ ተነገረኝ። ለድባቴ ሰርትራሊን መውሰድ ከጀመርሁ ሦስት ዓመት ሆኖኛል፤ በ19 ዓመቴም ራሴን ለማጥፋት ሞክሬ ነበር። አንድ ጓደኛዬ ‹ይህን ከተናገርህ አይፈቅዱልህም፤ ደግሞም የሁለት ሳይካትሪስት ደብዳቤ ማምጣትና አንድ ዓመት ሙሉ በወንድነት ኖረህ ማሳየት አለብህ› አለኝ። ትራንስጀንደር መሆኔን የማረጋግጠው እንዴት ነው? ድባቴዬንስ ልናገር ወይስ ልደብቅ?»

ምላሽ፦ አይደብቁ። ምክንያቱን ከማስረዳቴ በፊት ግን በጥያቄዎ ውስጥ ተደባልቀው የመጡ ሦስት ጉዳዮችን መለየት ያስፈልጋል፤ አንደኛው የማንነት ማረጋገጫ፣ ሁለተኛው የደብዳቤና የጊዜ ቅድመ ሁኔታ፣ ሦስተኛው ደግሞ ድባቴዎ ነው። ጓደኛዎ ሦስቱን ስላቀላቀሏቸው ምዘናው የሚታለፍበት ወይም የሚወደቅበት ፈተና መስሎ ታይቶዎታል።

ትራንስጀንደር መሆንን የሚያረጋግጥ ምርመራ የለም። የአንድን ሰው የጾታ ማንነት በደም ምርመራ፣ በአንጎል ምስል ወይም በመጠይቅ ነጥብ ለይቶ ማወቅ አይቻልም። መጠይቅ የሚያስሞሉ ክሊኒኮች አሉ፤ መጠይቆቹ የሚለኩት ግን የስቃይን መጠን ወይም በጊዜ ሂደት የታየን ለውጥ እንጂ ማንነትን አይደለም። ምዘናውን የሚያደርገው ባለሙያ በእጁ ያለው ዋናው ማስረጃ እርስዎ ስለ ራስዎ የሚሰጡት ቃል ነው። ስለዚህ «እንዴት ላረጋግጥ» ለሚለው ጥያቄዎ መልሱ፣ እንዲያረጋግጡ አይጠበቅብዎትም የሚል ነው። የሚጠበቅብዎት ምን እንደሚሰማዎት፣ ስሜቱ ከመቼ ጀምሮ እንዳለና በጊዜ ሂደት እንዴት እንደ ቆየ፣ ከሕክምናው ምን እንደሚፈልጉና ምን እንደሚያሰጋዎት በእውነት መናገር ብቻ ነው። ጥርጣሬ ካለዎትም ጥርጣሬውን ይናገሩ። ትልቅ ውሳኔ ፊት ቆሞ ምንም የማይጠራጠር ሰው ጥቂት ነው፤ መጠራጠርዎ ብቻውን ሕክምናውን አያስከለክልዎትም።

ምዘናውን እንደ ፈተና ማየት ግን ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። በአሜሪካ የጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል የጾታ ማንነት ክሊኒክ በ1966 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እንዲሁ) ከተከፈተበት ጊዜ አንሥቶ ለረጅም ዘመን ሕክምናውን ያገኙ የነበሩት ከአመልካቾቹ ጥቂቶቹ ብቻ ነበሩ። ሐኪሞቹ አንድ ዓይነት የሕይወት ታሪክ መስማት ይፈልጉ ነበር፤ ከጨቅላነት የጀመረ ጽኑ እርግጠኝነት፣ ለገዛ አካል ያለ ጥላቻ፣ ከሕክምናው በኋላም ከሌላው ሰው የማይለይ ኑሮ የመኖር ፍላጎት። ታካሚዎቹ ይህን ስለተረዱ የሚፈለገውን ታሪክ እርስ በርስ እየተነጋገሩ አጥንተው ይቀርቡ ጀመር፤ ሐኪሞቹም ያንኑ ታሪክ ከብዙ አንደበት ሲሰሙ መስፈርታቸው ትክክል ለመሆኑ ማረጋገጫ አድርገው ወሰዱት። በዚህ መካከል የእያንዳንዱ ሰው እውነተኛ ሁኔታ፣ የተደበቀው ድባቴ፣ ያልተነገረው ፍርሃት፣ ከመዝገቡ ውጭ ቀረ። የጓደኛዎ ምክር የዚያ ዘመን ውርስ ነው፤ ያኔም ቢሆን ታካሚውን ከጉዳት አላዳነውም።

ስለ ሁለቱ ደብዳቤዎችና ስለ አንዱ ዓመት የተነገረዎት ነገር መነሻ አለው፤ ነገር ግን የሚመለከተው ሆርሞንን ሳይሆን ሌላ ሕክምናን ነው። የዓለም አቀፉ የትራንስጀንደር ጤና ባለሙያዎች ማኅበር የመጀመሪያውን የሕክምና መመሪያ ያወጣው በ1979 ሲሆን፣ በ2011 የወጣው ሰባተኛው እትም ሁለት ደብዳቤዎችን የሚጠይቀው ለመራቢያ አካላት ቀዶ ሕክምና ነበር፤ ለሆርሞን አንድ የባለሙያ ግምገማ ይበቃ ነበር። 12 ተከታታይ ወራት በሚሰማዎት ጾታ መኖር የሚለው ቅድመ ሁኔታም የተቀመጠው ለአንዳንዶቹ የመራቢያ አካላት ቀዶ ሕክምናዎች እንጂ ለቴስቶስትሮን አልነበረም። በመስከረም 2022 የወጣው ስምንተኛው እትም ደግሞ ለአዋቂዎች ቀዶ ሕክምና እንኳ የአንድ ብቁ ባለሙያ አስተያየት በቂ ነው ብሏል። ሆኖም የአንዳንድ አገሮች የጤና ሥርዓትና የአንዳንድ የመድን ድርጅቶች ደንብ ከአዲሱ እትም ወደ ኋላ የቀረ በመሆኑ፣ ክሊኒኩ በትክክል የሚጠይቀው ምን እንደሆነና የሚከተለው የየትኛውን ዓመት መመሪያ እንደሆነ በቀጥታ መጠየቅ አለብዎት። ጓደኛዎ የነገሩዎት መንገድ የእርስዎ መንገድ ላይሆን ይችላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነጥብ አለ። «የአእምሮ ጤና ምዘና» የሚለውን ስም የሰማ ሁሉ ትራንስጀንደር መሆን የአእምሮ ሕመም ነው ማለት ይመስለዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ያጸደቀውና ከጥር 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው አስራ አንደኛው የበሽታዎች ምደባ፣ ሰው የሚሰማው ጾታ ሲወለድ ከተመዘገበለት ጋር አለመጣጣሙን ከአእምሮ መታወክ ምዕራፍ አውጥቶ ከጾታዊ ጤና ጋር በተያያዙ ሁኔታዎች ውስጥ አስቀምጦታል። የአሜሪካ ሳይካትሪስቶች ማኅበር መመሪያም ከ2013 ጀምሮ ቀድሞ «የጾታ ማንነት መታወክ» ይባል የነበረውን ስያሜ ትቶ «ጀንደር ዲስፎሪያ» የሚለውን ይጠቀማል፤ ትኩረቱም ማንነቱ ሳይሆን አለመጣጣሙ የሚያስከትለው ስቃይ ነው። በዚህ መመሪያ መሠረት ለአዋቂ ሰው ምልክቶቹ ቢያንስ 6 ወር የቆዩ መሆን አለባቸው፤ ከተዘረዘሩት ስድስት ምልክቶች ቢያንስ ሁለቱ መገኘትና ከባድ ስቃይ ወይም የዕለት ተዕለት ኑሮ መሰናከል መኖር ይኖርበታል። የዓለም ጤና ድርጅት ምደባ ግን ስቃይን እንደ ግዴታ አይጠይቅም። ይህ ልዩነት ለእርስዎ ፋይዳ አለው፤ ክሊኒኩ የሚጠቀመው የአሜሪካውን መመሪያ ከሆነ ባለሙያው ስለ ስቃይዎ ደጋግሞ መጠየቁ ከመጠራጠር የመጣ ሳይሆን መዝገቡ የሚጠይቀውን ለመሙላት ሊሆን ይችላል።

ታዲያ ባለሙያው የሚፈልገው ምንድን ነው? በመጀመሪያ አለመጣጣሙ ግልጽና ጸንቶ የቆየ መሆኑን ይመለከታል፤ የትናንት ሐሳብ ወይም የአንድ ከባድ ወቅት ምላሽ ብቻ እንዳልሆነ ማለት ነው። ቀጥሎ የመወሰን ብቃትዎን ያያል፤ የሕክምናውን ጥቅም፣ ጉዳትና አማራጭ ተረድተው፣ ከራስዎ ሕይወት ጋር አዛምደው፣ ያለማንም ግፊት ውሳኔዎን መግለጽ መቻልዎን ነው። ስሜቱን ሊያስከትል የሚችል ሌላ ምክንያት አለመኖሩንም ያጣራል። የቆየ የአካል ወይም የአእምሮ ሕመም ካለም ሕክምናውን እንዴት ሊነካ እንደሚችል አንሥቶ ከእርስዎ ጋር ይመክራል። በመጨረሻም ሕክምናው መውለድን እንዴት እንደሚነካ ማወቅዎንና ስለ አማራጮቹ ማሰብዎን ይጠይቃል።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ብዙ ጊዜ በችኮላ ይታለፋል፤ ስለዚህ ልቆይበት። ቴስቶስትሮን የወር አበባን በአብዛኛው በጥቂት ወራት ውስጥ ያቆማል፤ ነገር ግን የእርግዝና መከላከያ አይደለም። የወር አበባ ቢቆምም እንቁላል ሊወጣና እርግዝና ሊከሰት ይችላል፤ ቴስቶስትሮን ደግሞ ለጽንስ ጎጂ ነው። በሌላ በኩል መድኃኒቱን አቁመው የወለዱ ሰዎች አሉ፤ ሆኖም ይህ ለሁሉም ይሆናል ብሎ ዋስትና የሚሰጥ ሐኪም የለም። ወደፊት ከራስዎ እንቁላል ልጅ የመውለድ ፍላጎት ሊኖር ይችላል ብለው ካሰቡ፣ እንቁላል ስለ ማስቀመጥ የሚነጋገሩበት ጊዜ ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት ነው። ድምፅ መጎርነንና የፊት ጢም ማብቀልም መድኃኒቱ ቢቆም ሙሉ በሙሉ የሚመለሱ አይደሉም። የጡንቻና የስብ ስርጭት ለውጥ ግን በአብዛኛው ሊመለስ ይችላል። ባለሙያው «የማይመለሰው የቱ ነው?» ብሎ ቢጠይቅዎት እያጠመድዎት አይደለም፤ የገባዎትን ማወቅ የእሱ ኃላፊነት ነው።

አሁን ወደ ድባቴዎ ልምጣ። ድባቴ በራሱ የሆርሞን ሕክምናን የሚከለክል ነገር አይደለም፤ ያለፈ የራስ ማጥፋት ሙከራም እንደዚያው። ወደ እነዚህ ክሊኒኮች ከሚመጡ ሰዎች መካከል ድባቴና ጭንቀት ያለባቸው ከጠቅላላው ሕዝብ ይልቅ እጅግ ይበዛሉ፤ ይህን የማያውቅ ምዘና አድራጊ ሥራውን አያውቅም። ምክንያቱም ከአንድ በላይ ነው። ከሰውነት ጋር ያለው አለመጣጣም የሚያመጣው ስቃይ አንዱ ሲሆን፣ መገለል፣ የቤተሰብ ቁጣ፣ የሥራ ማጣትና ማንነትን በየዕለቱ የመሸሸግ ድካም ሌላው ነው። ከሁለቱም ጋር ግንኙነት የሌለው፣ በዘር የሚወረስ ወይም በሌላ የሕይወት ጉዳት የመጣ ድባቴም አለ። ጥሩ ምዘና የቱ ከየት እንደመጣ ለመገመት ይሞክራል፤ ሁልጊዜ ግን መለየት አይቻልም፣ መለየት ባለመቻሉም ሕክምናውን ማዘግየት ተገቢ አይደለም።

መደበቅ የሚጎዳው ባለሙያውን ሳይሆን እርስዎን ነው። ሰርትራሊንን ከቴስቶስትሮን ጋር አብሮ መውሰድ በራሱ የተከለከለ አይደለም፤ ለሌሎች መድኃኒቶች ግን ይህ ሁልጊዜ እውነት አይደለም። ለምሳሌ ኤስትሮጅን (የሴት ሆርሞን) በሚወስዱ ሰዎች ላሞትሪጂን የተባለው የሚጥል በሽታና የባይፖላር ሕመም መድኃኒት በደም ውስጥ ያለው መጠን ሊቀንስ ይችላል፤ ለእነዚሁ ሕመሞች የሚሰጠው ካርባማዜፒን ደግሞ ኤስትሮጅኑ ራሱ ቶሎ እንዲወገድ ያደርጋል፤ ለባይፖላር ሕመም ሊቲየም የሚወስድ ሰው የወንድ ሆርሞንን ሥራ የሚገታው ስፓይሮኖላክቶን ሲጨመርለት የሊቲየሙ መጠን አደገኛ ደረጃ ላይ ሊደርስ ይችላል። የሚወስዱትን ያልነገሩት ሐኪም እነዚህን ሊጠብቅልዎ አይችልም። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ብዙ ሰዎች ከቀጠሮው በፊት «ጤነኛ ለመምሰል» የድባቴ መድኃኒታቸውን በድንገት ማቆማቸው ነው። ይህን በፍጹም አያድርጉ። ሰርትራሊን በድንገት ሲቆም ማዞር፣ የእንቅልፍ መረበሽና ንዴት ሊያመጣ፣ ድባቴውንም ሊመልስ ይችላል፤ በምዘናው ዕለት የሚታዩትም በዚህ ሁኔታ ውስጥ ሆነው ይሆናል። መድኃኒቱን በሥርዓት እየወሰዱና ክትትልዎን እየጠበቁ መቅረብ ለራስዎ ጤና ኃላፊነት እንደሚወስዱ ያሳያል፤ ይህም ለምዘናው ጠቃሚ ነው።

ላለመደበቅ ሁለተኛው ምክንያት ከምዘናው በኋላ ያለው ጊዜ ነው። የመጀመሪያዎቹ ወራት ደስታ ብቻ የሚሞላባቸው አይደሉም። ለውጡ ቀስ ብሎ ስለሚመጣ ትዕግሥት ይፈታተናል፣ የአካል ለውጥ ሲታይ ደግሞ እስከዚያ ያልታወቀ ማንነት በቤተሰብና በሥራ ባልደረቦች ዘንድ ይገለጣል፣ አንዳንዱም ግንኙነት ይፈርሳል። ባለሙያው ታሪክዎን ካወቀ አስቀድሞ የደኅንነት ዕቅድ ያወጣልዎታል፤ የከፋ ቀን ሲመጣ ለማን እንደሚደውሉ፣ ምን ምልክት ሲያዩ ቀጠሮ ሳይጠብቁ እንደሚመጡ፣ መድኃኒትዎን ማን እንደሚከታተል የሚወስን ዕቅድ። ካላወቀ ግን ይህ ሁሉ ይቀራል። በ19 ዓመትዎ የደረሰውን ሲናገሩ ምን እንዳጋጠመዎት፣ ከዚያ ወዲህ ምን እንደረዳዎትና አሁን ሐሳቡ መኖር አለመኖሩን ጨምረው ይናገሩ። አሁን ራስዎን የመጉዳት ሐሳብ ካለዎት ግን ቀጠሮውን አይጠብቁ፤ ዛሬውኑ ለሚያምኑት ሰው ይንገሩ፣ በአቅራቢያዎ ወዳለ የድንገተኛ ሕክምና ክፍልም ይሂዱ።

ቴስቶስትሮን ድባቴዎን ይፈውሰዋል ወይ የሚል ጥያቄ ባይጽፉም ከጽሑፍዎ ጀርባ ያለ ይመስለኛል። በአውስትራሊያ በ64 አዋቂዎች ላይ የተደረገና በ2023 የታተመ አንድ ጥናት ተሳታፊዎቹን በዕጣ ከፍሎ አንዱን ቡድን ወዲያው ቴስቶስትሮን ሲያስጀምር ሌላውን ለሦስት ወር እንዲጠብቅ አድርጓል፤ ወዲያው በጀመሩት ዘንድ ከጾታ አለመጣጣም የሚመጣው ስቃይ፣ ድባቴና ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከጠባቂዎቹ የበለጠ ቀንሷል። ይህ ተስፋ የሚሰጥ ነው። ግን ተሳታፊዎቹ ጥቂት ናቸው፣ ጊዜውም አጭር ነው፤ በዕጣ ያልተከፈሉት ሌሎች በርካታ ጥናቶችም በአማካይ መሻሻልን ቢያሳዩም ክትትላቸውን ያቋረጡ ብዙ ተሳታፊዎች ያሏቸው ናቸው። ስለዚህ ለታካሚዎቼ የምለው ይህን ነው፤ ቴስቶስትሮን ከአለመጣጣሙ የሚመጣውን ስቃይ ሊያቀል ይችላል፣ ድባቴውንም ብዙ ጊዜ ያቀልለታል፣ ነገር ግን የድባቴ መድኃኒት አይደለም፤ የድባቴው ሕክምና ጎን ለጎን ይቀጥላል።

ማዘግየት ተገቢ የሚሆንባቸው ሁኔታዎች አሉ፣ ጥቂት ናቸው፣ በግልጽም መነገር አለባቸው። ሰውየው ከእውነታ ጋር ያለውን ግንኙነት ባጣበት የሳይኮሲስ ወቅት፣ በባይፖላር ሕመም ማኒያ (ስሜትና ጉልበት ከልክ በላይ በሚንርበት ወቅት) ውስጥ፣ በከባድ የአልኮል ወይም የዕፅ ስካርና መላቀቂያ ጊዜ፣ ወይም ድባቴው መብላትና መናገር እስከሚከለክል ድረስ ሲበረታ፣ በመረጃ ላይ ተመሥርቶ ፈቃድ መስጠት አይቻልም። የእነዚህ መፍትሔ ሕመሙን ማከምና ወደ ጥያቄው መመለስ ነው፤ ጥያቄውን መሰረዝ አይደለም። ስኪዞፍሬኒያ ያለበት ሰው ሕመሙ ሲረጋጋ የጾታ ማንነቱ ያው ሆኖ ከቆየ፣ የሕመሙ ስም ብቻውን መከልከያ ሊሆን አይገባም። ኦቲዝምም እንደዚሁ ነው። በ2020 የታተመ ሰፊ ጥናት ትራንስጀንደር በሆኑ ሰዎች ዘንድ ኦቲዝም ከሌሎች 3 እስከ 6 እጥፍ እንደሚበዛ አሳይቷል። ከዚህ የሚከተለው ባለሙያው ጥያቄውን በግልጽ ቋንቋ መጠየቅ፣ ጊዜ መስጠትና መልሱን በጽሑፍ መቀበል እንዳለበት እንጂ ሰውየው ስለ ራሱ አያውቅም ማለት አይደለም።

ምዘናው የማይችለውንም ማወቅ አለብዎት። ማን ወደፊት እንደሚጸጸት አስቀድሞ መናገር አይችልም። በ2021 የታተመ የጥናቶች ማጠቃለያ ከጾታ ቀዶ ሕክምና በኋላ የተጸጸቱት 1 በመቶ ገደማ መሆናቸውን ዘግቧል፤ ይሁን እንጂ ብዙዎቹ ጥናቶች ታካሚዎቻቸውን ለረጅም ጊዜ ያልተከታተሉና መጸጸትን በተለያየ መንገድ የለኩ ስለሆኑ ቁጥሩን እንደ መጨረሻ ቃል መውሰድ አይገባም፤ ስለ ቀዶ ሕክምና የተባለውም በቀጥታ ለሆርሞን አይሠራም። ሆርሞን የሚያቆሙ ሰዎችም አሉ፤ አንዳንዶቹ ስለ ማንነታቸው ያላቸው ግንዛቤ ተለውጦ፣ ሌሎቹ በጤና፣ በገንዘብ ወይም በቤተሰብ ግፊት፣ የተወሰኑትም የሚፈልጉትን ለውጥ አግኝተው ስለጨረሱ ያቆማሉ። ሁሉም ያለ ወቀሳ የሐኪም ክትትል ይገባቸዋል። ስለዚህ «እንደጠበቁት ባይሆን ምን ያደርጋሉ?» ተብለው ሲጠየቁ ያልተበገረ መስለው ለመታየት አይድከሙ፤ ያሰቡበትን ይመልሱ።

ከምዘናው ድንበር ያለፈ ጥያቄም አለ። ከማን ጋር በፍቅር እንደሚወድቁ፣ የግል የወሲብ ሕይወትዎ ዝርዝር፣ አለባበስዎና ጸጉርዎ «በቂ ወንድ» መምሰሉ፣ ለቴስቶስትሮን ብቁ ስለ መሆንዎ የሚናገሩት ነገር የለም። የአእምሮ ጤና ባለሙያ ለምዘናው ሲል አካልዎን ሊመረምርም አይገባም። እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ሲቀርብልዎ «ይህ ለውሳኔው የሚጠቅመው እንዴት ነው?» ብሎ መጠየቅ መብትዎ ነው። የጾታ ማንነትዎን እለውጣለሁ ብሎ ሕክምና የሚያቀርብልዎ ሰው ካጋጠመዎት ደግሞ ትተውት ይሂዱ፤ እንዲህ ዓይነቱ ሙከራ ማንነትን ስለ መለወጡ ማስረጃ የለም፣ ከድባቴና ራስን ከማጥፋት ሐሳብ ጋር ተያይዞ ግን ተዘግቧል። ከዚህ የሚለየው ደጋፊ የምክር አገልግሎት ነው፤ ለብዙዎች ጠቃሚ ቢሆንም ለሆርሞን ግዴታ ሊደረግ እንደማይገባ የ2022ቱ መመሪያ ያስቀምጣል።

ሌላ መንገድም እንዳለ ይወቁ። በአንዳንድ አገሮች፣ በተለይ በአሜሪካ ባሉ በርካታ ክሊኒኮች፣ አዋቂ ሰው የተለየ የአእምሮ ጤና ምዘና ሳያደርግ ሆርሞኑን ከሚያዘው ሐኪም ጋር ጥቅሙንና ጉዳቱን ተወያይቶ በፈቃዱ ፈርሞ ይጀምራል። አርጀንቲና ከ2012 ጀምሮ በሕጓ ለአዋቂዎች የሳይካትሪ ምርመራን ቅድመ ሁኔታ አላደረገችም። እኔ ይህን አሠራር የሚደግፈውን መርህ እቀበላለሁ፤ ድባቴና የቆየ ሙከራ ላለበት ሰው ግን፣ ግዴታ ባይሆንም፣ ከአእምሮ ጤና ባለሙያ ጋር መነጋገር ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። ከ18 ዓመት በታች ላሉ ወጣቶች ጉዳዩ የተለየ ነው፤ ፊንላንድ በ2020፣ ስዊድን በ2022፣ እንግሊዝም በ2024 ለወጣቶች የሚሰጠውን የሆርሞን ሕክምና በተመለከተ ጥንቃቄያቸውን አጥብቀዋል፤ ሌሎች አገሮችና የሙያ ማኅበራት ደግሞ የተለየ አቋም አላቸው። ስለ ወጣቶች የሰሙትን ለ27 ዓመት አዋቂ አያዛውሩት።

ምዘናው ረዘመ ብለው ቴስቶስትሮንን ከሐኪም ውጭ ገዝተው እንዳይጀምሩ አጥብቄ አስጠነቅቃለሁ። መድኃኒቱ ቀይ የደም ሕዋስን ከልክ በላይ ሊያበዛ ስለሚችል የደም ምርመራ ያስፈልገዋል፤ መጠኑ ሲያልፍ ስሜትንም ያናውጣል፣ ይህም በድባቴ ላይ ሲደረብ አደገኛ ነው። ያለ ሐኪም አስቀድመው ጀምረው ከሆነም ይህንኑ ይናገሩ፤ ወደ ሕጋዊ ክትትል ማስገባት እንጂ መቅጣት ተገቢ አይደለም።

ስለዚህ ምክሬ የሚከተለው ነው። ሰርትራሊንዎን ሳያቋርጡ ወደ ምዘናው ይሂዱ፤ ድባቴዎን፣ የ19 ዓመትዎን ሙከራና አሁን ያሉበትን ሁኔታ በራስዎ አንደበት፣ ሳይጠየቁ አስቀድመው ይናገሩ። የሚያክምዎት ሐኪም ድባቴዎ በምን ደረጃ ላይ እንዳለና ሕክምናዎን በሥርዓት እንደሚከታተሉ የሚገልጽ አጭር ደብዳቤ እንዲጽፍልዎ ይጠይቁ። የምዘናው ውጤት ምን ላይ እንደሚጻፍና ማን እንደሚያየው ከመጀመርዎ በፊት ይጠይቁ፤ ሕጉ ወይም አካባቢው ለትራንስጀንደር ሰዎች አደገኛ በሆነበት ቦታ ይህ ጥያቄ ከሁሉም ይቀድማል፣ የምስጢር ጥበቃው ወሰን ግልጽ ሳይሆንም ስምዎንና ታሪክዎን በመዝገብ ላይ ማስፈር አይገባም። ምዘናው በአንድ ወይም በጥቂት ቀጠሮዎች ሊያልቅ ይችላል፤ ያለ ምክንያት ወራትን የሚወስድ ከሆነ ምን እንደቀረ ይጠይቁ።

መልሱ «አሁን አይደለም» ከሆነ ደግሞ ሦስት ነገሮች በጽሑፍ እንዲሰጡዎ ይጠይቁ፤ የሚያሰጋው ነገር በትክክል ምን እንደሆነ፣ ያ ነገር ምን ሲሆን ተስተካከለ እንደሚባል፣ እንደገና የሚታዩበት ቀን መቼ እንደሆነ። እነዚህን መመለስ የሚችል ባለሙያ እያዘገየዎት ሳይሆን እያዘጋጀዎት ነው፤ አብረውት ይሥሩ። «ድባቴ ስላለብዎ አይቻልም» ከማለት ውጭ ሌላ ምክንያት ማቅረብ የማይችል ከሆነ ግን ውሳኔው አሁን ካለው የሙያው መመሪያ ጋር ስለማይጣጣም፣ የምዘናውን ቅጂ ይቀበሉና የሁለተኛ ባለሙያ አስተያየት ይፈልጉ።